«ኪፕ ሚ አፕራይዝድ» ለተባለችው እህቴ

ሰላም እህቴ። አለቃሽ «ኪፕ ሚ አፕራይዝድ» ብሎ ጽፎልሽ ምን ማለቱ እንደሆነ፣ አንቺም በመልስሽ እንዴት እንደምትጠቀሚበት ጠይቀሻል። እኔ በዚህ ቃል ተዋርጄበታለሁና አንቺ ላይ እንዳይደርስ ልንገርሽ።

1. «የደረሰበትን በየጊዜው አሳውቂኝ» ማለቱ ነው። ከ«ኢንፎርም» ጠንከር ያለ የደብዳቤ ቃል ነው።

2. እኛ «መዘግየቱን ለአለቃዬ አሳወቅሁ» እንላለን። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል፤ ሰውየው ይቀድምና ነገሩ «ኦፍ»ን ይዞ ይከተላል፦ «አይ አፕራይዝድ ሂም ኦፍ ዘ ዲሌይ»። «ለ» የለመደ አፋችን «አፕራይዝድ ቱ ሂም» ያሰኘናል፤ ስህተት ነው።

3. ፊደሉን ተጠንቀቂ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ለአንድ ደንበኛ «ለውጦችን እናሳውቅዎታለን» የሚል ደብዳቤ አረቀቅሁ። «አፕራይዝ» (apprise) ላይ ከ«አር» ቀጥሎ አንዲት «ኤ» ጨመርኩና ቃሉ «አፕሬይዝ» (appraise) ሆነ። እሱ ደግሞ መገመት፣ ዋጋ መተመን ማለት ነው! ደንበኛውን «እንተምንዎታለን» አልኩት። ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር አላሰመረበትም፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ያሉ ቃላት ናቸውና። የክፍሉ ኃላፊ ለብቻዬ ጠርቶ ቢያርመኝ ምን ነበረበት? ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ከቦ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ጮክ ብሎ አነበበውና «ይሄን ማን ነው የቀጠረው?» አለ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ማታውኑ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «አፕራይዝ» የመጣው ከፈረንሳይኛው «አፕራንድር» ነው፤ መማር፣ ማስተማር ማለት ነው። ጆሮ ግን ያታልላል፤ «አፕራይዝ» ሲሉት «ፕራይስ»ን፣ ማለትም ዋጋን፣ ይመስላል። የዋጋው ዘመድ ግን «አፕሬይዝ» ነው። በድምፁ ከገመትሽ ትሳሳቻለሽ።

ዛሬ የዚያ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ሳይወጡ በእኔ እጅ ያልፋሉ። ያ ኃላፊም የራሱን ይልክልኛል፤ እኔ ግን ስህተቱን ለብቻው ነው የምነግረው።

ለአለቃሽ «አይ ዊል ኪፕ ዩ አፕራይዝድ ኦፍ ኤኒ ቼንጅስ» ብለሽ መልሺለት። ለባልደረባሽ ከሆነ «አይ ዊል ሌት ዩ ኖው» ይበቃል፤ በጓደኛ መካከል ያ ቃል ይከብዳል። ከመላክሽ በፊት ከ«አር» ቀጥሎ ያለችውን ፊደል ደግመሽ እያት፤ «አይ» መሆን አለባት።