ፀጉሬ እየሸሸ ነው፤ መድኃኒቱን ከማን ላግኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 29 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ግንባሬ ግራና ቀኝ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ አናቴም እየሳሳ መጥቷል። ፊናስቴራይድ የተባለውን ክኒን መጀመር እፈልጋለሁ። ማዘዣውን ማን ይጽፍልኛል? በኢንተርኔት የሚያዝዙትስ ይታመናሉ?

መልስ፦ ለዚህ ማዘዣ የግድ የቆዳ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። ዘወትር የሚያዩት የቤተሰብ ሐኪም ሊጽፍልዎ ይችላል። የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ በሚርቅበት አገር ይህን ማወቅ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ከክኒኑ ግን ምርመራው ይቀድማል። ፀጉር የሚሳሳበት ምክንያት ብዙ ሲሆን፣ ፊናስቴራይድ የሚሠራው ከእነዚህ ለአንዱ ብቻ ነው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ዲኤችቲ ወደሚባል ሆርሞን ይቀየራል፤ በዘር ተጋላጭ በሆነ ሰው ላይ ይህ ሆርሞን የፀጉሩን ሥር ከዓመት ዓመት እያቀጨጨ ያሳሳዋል። ክኒኑ ለውጡን የሚያካሂደውን ኤንዛይም ይገታል፤ በደም ውስጥ ያለው ዲኤችቲም 70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በብረት እጥረት፣ በታይሮይድ ችግር ወይም በፈንገስ ለሚረግፍ ፀጉር ምንም አይፈይድም። (ቅቤ መቀባትም ፀጉሩን ያለሰልሳል እንጂ ዲኤችቲን አይነካም።)

እርስዎ የገለጹት፣ ከግንባር ጎንና ከአናት ቀስ እያለ የሚሳሳው፣ የዚህ ዓይነተኛ ምልክት ነው። ነገር ግን ፀጉርዎ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ፣ ራስዎን የሚያቃጥል፣ የሚያሳክክ ወይም መግል የሚያወጣ ነገር ካለ፣ ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእፍኝ ከረገፈ፣ ፎቶ ልኮ መድኃኒት መቀበል ይቅርብዎ። ሐኪም በእጁ ዳሶ፣ በዓይኑ አይቶ ይለየው። ጠባሳ ጥሎ የሚያልፍ ዓይነት ከሆነ፣ ሕክምናው ከዘገየ የጠፋው ፀጉር አይመለስም።

ቀጠሮ ሲሄዱ እነዚህን ሳይጠየቁም ይንገሩ፦ የጉበት ሕመም ካለብዎ፣ ድብርት ይዞዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ በቅርቡ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት፣ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ። ከዚያ ሐኪሙ 1 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ 90 ፍሬ፣ 3 ጊዜ የሚደገም ብሎ ቢጽፍልዎ ዓመቱን ይሸፍንልዎታል። ፕሮፔሽያ በሚለው የንግድ ስም ሳይሆን ፊናስቴራይድ ተብሎ ይጻፍ፤ ዋጋው እጅግ ይለያያል። ኢንሹራንስ ይህን እንደ ውበት ጉዳይ ስለሚቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ ማዘዣው ወደ አንድ ፋርማሲ ከመላኩ በፊት ሁለት ሦስት ቦታ ደውለው ያለ ኢንሹራንስ የሚከፈለውን ዋጋ ይጠይቁ። ሰፈሩ አንድ ሆኖ እንኳ ልዩነቱ ሊያስገርምዎ ይችላል።

የኢንተርኔቱ አገልግሎት የሚታመነው በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ሐኪም ታሪክዎን አይቶ ሲያዝዝ፣ መድኃኒቱም ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ሲመጣ ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ካጋጠመዎ ይተዉት። መጠይቁንም በቶሎ ለመጨረስ ብለው ሁሉን «የለብኝም» አይበሉ፤ ሐኪሙ የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ሌላው የሚያሳስበን እነዚህ ድርጅቶች ቀምመው የሚልኩት የሚረጭ ፊናስቴራይድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በቆዳ ላይ የሚደረግ ፊናስቴራይድ አላጸደቀም፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያም አውጥቷል። ቆዳ ላይ ስለተረጨ ብቻ ወደ ደም አይገባም ማለት አይደለም፤ በንክኪም ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳት በግልጽ እንነጋገር። ክኒኑን ለማጽደቅ በተደረገው ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመት የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ የብልት መቆም ችግር ወይም የዘር ፈሳሽ ችግር የገጠማቸው ከወሰዱት 3.8 በመቶ፣ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 2.1 በመቶ ነበሩ። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይጠፋል፤ ካቆሙም በኋላ እንደቀጠለባቸው የተናገሩ ወንዶች ግን አሉ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2025 እ.ኤ.አ. ራስን የማጥፋት ሐሳብ የፊናስቴራይድ ክኒን የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑን አረጋግጧል። ስሜትዎ ሲጨልም ከታየዎ ክኒኑን ያቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ያነጋግሩ። ይህን የቅርብ ሰውዎም ይወቀው፤ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው እሱ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። በሦስተኛው ወር ምንም አላየሁም ብሎ ያቆማል። ፍርድ የሚሰጠው በ12ኛው ወር ነው፤ የቀረው ፀጉር ባለበት መቆየቱ ራሱ ውጤት ነው። ከመጀመርዎ በፊት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ፀጉርዎ ደረቅ ሆኖ ፎቶ ይነሡ፤ በየሦስት ወሩም ይድገሙት። መስተዋት በየቀኑ ማየት አያስረዳም። ካቆሙ ደግሞ ያገኙት በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይሄዳል።

ከክኒኑ ጋር ሚኖክሲዲል የተባለውን ራስ ላይ የሚደረግ የፀጉር መድኃኒት (5 በመቶውን) መጨመር ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ ማዘዣ አይጠይቅም። ፈሳሹ 1 ሚሊሊትር ጠዋትና ማታ፣ በደረቅ ራስ ላይ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ጠብታውን ይዞ ያስቀራል፤ ስለዚህ ፀጉሩን በመስመር እየከፈሉ ቆዳውን ያስነኩት፤ ለ4 ሰዓት አይታጠቡት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊጨምር ይችላል፤ አሮጌው ፀጉር ለአዲሱ ቦታ ሲለቅ ነውና አይደንግጡ። የሚያሳክክዎ ከሆነ አረፋውን ይሞክሩ፤ አሳካኪው ፕሮፒሊን ግላይኮል በብዙዎቹ አረፋዎች ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነኝ፤ 52 ዓመቴ ነው። ወንድሜ ከአሜሪካ 5 ሚሊግራም ፊናስቴራይድ ላከልኝ፤ ለፕሮስቴት ነው ይላል። እየቆረጥኩ ለፀጉሬ ብወስደውስ?

መልስ፦ መድኃኒቱ አንድ ነው። 5 ሚሊግራሙ በ1992 ለፕሮስቴት (ከወንድ ፊኛ ሥር ላለው ዕጢ) ማበጥ፣ 1 ሚሊግራሙ በ1997 ለፀጉር በአሜሪካ የጸደቁ ናቸው (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ሐኪሞችም ለዋጋ ብለው ክኒኑ ለአራት እንዲቆረጥ ያዝዛሉ፤ ሩቡ 1.25 ሚሊግራም ነው። ሙሉውን መዋጥ አምስት እጥፍ ፀጉር አያበቅልም።

ችግሩ በእርስዎ ዕድሜ ማንም ሳይመረምርዎ መጀመሩ ነው። የፕሮስቴት ካንሰርን ለመከታተል የሚታየውን ፒኤስኤ የተባለ የደም ምርመራ ውጤት ፊናስቴራይድ በግማሽ ገደማ ይቀንሰዋል። መድኃኒቱን መውሰድዎን ያልተነገረው ሐኪም «ደህና ነው» ብሎ ሊያሳልፍዎ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፒኤስኤ ይለኩ፤ ከዚያ ክኒኑን ይዘው የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ከታዘዘልዎ በክኒን መቁረጫ አንድ አንዱን ይቁረጡ፤ ቁራጩ ትንሽ ቢበላለጥ ጉዳት የለውም። ደም የሚለግሱ ከሆነም ከመጨረሻው ክኒን በኋላ አንድ ወር ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ይህን ክኒን ቤት ውስጥ ይቆርጣል። እኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ያሰጋኛል?

መልስ፦ ያልተሰበረው ክኒን ሽፋን ስላለው በመንካት ብቻ አያሰጋም። የተሰበረውን ወይም ዱቄቱን ግን አይንኩ፤ በቆዳ ሊገባና የወንድ ፅንስን የብልት አፈጣጠር ሊያዛባ ይችላል። እስኪወልዱ ድረስ ባለቤትዎ ወደ ሙሉው 1 ሚሊግራም ቢቀይር ይሻላል። ከዚህ በፊት ነክተው ከሆነ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡና ለእርግዝና ክትትል ሐኪምዎ ይንገሩ።