መልስ፦ የሁለት ዳይስ ድምር 7 የመሆን ዕድሉ ለምን 1/11 አልሆነም?

ሁለት ዳይስ (ከ1 እስከ 6 ቁጥር ያላቸው መወርወሪያ ኩቦች) ሲወረወሩ የሚመጡት ድምሮች 11 ስለሆኑ 7 የመምጣት ዕድሉ 1/11 መሆን አለበት፣ መጽሐፌ ግን 1/6 ይላል ብለህ ጠይቀሃል። መልሱ 1/6 ነው፤ መጽሐፍህ አልተሳሳተም። ከ2 እስከ 12 ያሉት ድምሮች 11 ናቸው ያልከው ልክ ነው፣ ግን እኩል ዕድል የላቸውም። 1/11 የሚያስኬደው እኩል ቢሆኑ ነበር።

እንዲህ አድርገው፦

1. አንዱን ዳይስ ቀይ፣ ሌላውን ነጭ ነው በል። ቀዩ 6 ዓይነት ሊወጣ ይችላል፣ ለእያንዳንዱም ነጩ 6 ዓይነት፣ ስለዚህ 6 × 6 = 36 ውጤት አለህ፤ እኩል ዕድል ያላቸው እነዚህ ናቸው።

2. ቀዩን እያስቀደምክ 7 የሚመጡትን ልቀም፦ (1፣6)፣ (2፣5)፣ (3፣4)፣ (4፣3)፣ (5፣2)፣ (6፣1)። 6 ናቸው፤ 6/36 = 1/6።

12 ግን የሚመጣው በ(6፣6) ብቻ ነው፣ 1/36። ልዩነቱን አየኸው?

"ሁለቱም ነጭ ቢሆኑስ?" እንዳትለኝ። ዳይስ ቀለሙን አያውቅም፣ ቀለሙ ለአንተ መቁጠሪያ ነው። ሳንቲምም ያው ነው፦ ሁለት ሳንቲም ስትወረውር ዘውድ-ጎፈር እና ጎፈር-ዘውድ ለየብቻ ይቆጠራሉ፣ ስለዚህ ውጤቱ 4 እንጂ 3 አይደለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ይህን ከገባኝ በኋላ ሁሉንም ጥንድ መገልበጥ ጀመርኩና ፈተና ላይ "ድምሩ 6" ሲመጣ (3፣3)ን ሁለቴ ቆጥሬ 6/36 ብዬ ነጥብ አስበላሁ። (3፣3) ቢገለበጥም ያው (3፣3) ነው፤ ትክክሉ 5/36 ነበር። ከ2 እስከ 12 ያለውን ሁሉ ቆጥረህ ጠቅላላው 36 ካልመጣ አንዱን ደግመሃል ወይ ዘለሃል።