ወገብ ያመመው ሁሉ ዲስክ የለበትም

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ፊዚዮቴራፒስት «የሳክሮኢሊያክ መገጣጠሚያ ሕመም ኤምአርአይ ላይ ካልታየ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳክሮኢሊያክ የአከርካሪው ግርጌ ከዳሌ አጥንት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው። ይሄን ጊዜ አንዲት የገጠር እናት ትዝ አለችኝ።

ከወለደች ወዲህ ነው የጀመራት። ከበርጩማ ስትነሳ፣ አልጋ ላይ ስትገላበጥ፣ ሚኒባስ ስትወጣ ይወጋታል። በሬ ተሸጦ የተነሳውን የኤምአርአይ ፊልም በትልቅ ፖስታ ይዛ መጣች፤ ወረቀቱ «ዲስክ» ይላል፤ በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ ተንሸራቷል ማለቱ ነው። ቀድሞ ያያት ሐኪም «ከባድ አታንሺ፣ ልጅም አትዘይ» ብሏታል። ፖስታውን ወደ ጎን አድርጌ «እስቲ በአንድ ጣት አሳዪኝ» አልኳት። ከመቀነቷ በታች፣ በቀኝ በኩል ከመቀመጫዋ በላይ ካለችው ስርጉድ ወረድ ብላ ጣቷን ተከለች። «እዚችው ጋ ናት ዶክተር፤ ወገቤንማ ደህና ነኝ።» ዶክተር አይደለሁም ማለቱን ያኔም ትቼው ነበር።

በጀርባዋ ተኝታ እግሯን ቀጥ አድርጋ ስታነሳ ከበዳት። ዳሌዋን ከግራና ከቀኝ በእጄ ጨመቅ ሳደርግላት ቀለላት። መቀነቷን ከወገቧ አውርደን ዳሌዋ ላይ ጠበቅ አድርገን አሰርነው፤ የመቀመጫና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አስተማርናት፤ ቀስ በቀስ ተሻላት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የበሬው ገንዘብ አይደለም፤ ልጁ የእናቱን ጀርባ ሳያውቅ ድክ ድክ ማለት መጀመሩ ነው።

እናንተ ጀማሪ ፊዚዮቴራፒስቶች ስክሪን ላይ ፈጣኖች ናችሁ፤ በሽተኛን አስተኝቶ መመርመር ግን ይከብዳችኋል። የተንሸራተተ ዲስክ ምንም የማያመው ሰው ፊልም ላይም ሞልቷል። መገጣጠሚያውን የሚያስቆጡትን አምስቱን ምርመራዎች ሥሩ፤ ሦስቱ ያንኑ የለመደችውን ሕመም ከቀሰቀሱ ጥርጣሬያችሁ ይጠንክር፤ በአንዱ ብቻ አትፍረዱ። በነገራችን ላይ ስህተቱ የእናንተ ዘመን ብቻ አይደለም። አሜሪካውያኑ ቀዶ ሐኪሞች ሚክስተርና ባር እ.ኤ.አ. በ1934 ስለ ዲስክ ከጻፉ ወዲህ ነው ይህ መገጣጠሚያ የተረሳው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የወገቡ ጣጣ ሁሉ በእሱ ይሳበብ ነበር።

መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋው መርፌ ለእልኸኛው ሕመም ይቆይ፤ ሲወጋም በምስል እየታየ ይሁን፣ በግምት የተወጋ ብዙ ጊዜ ይስታል።

ፊልም አታሳድዱ እላለሁ እንጂ፣ ጠዋት ወገቡ ከግማሽ ሰዓት በላይ ደርቆ የሚቆይ፣ ሲንቀሳቀስ የሚለቀው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሕመም የሚቀሰቅሰው ወጣት ከመጣ ግን ለኤምአርአይም ለሩማቶሎጂስትም (ለመገጣጠሚያ ብግነት ሐኪም) ቶሎ ላኩት። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ካለው ደግሞ ያልፈላ ወተት ይጠጣ እንደሆነ፣ ቤቱ ውስጥ የሚያስል ሰው እንዳለም ጠይቁት። ብሩሴላም (ባልፈላ ወተት ከከብት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ቲቢም እዚህ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባሉ፤ ማሸት ሳትጀምሩ ሐኪም ይየው።