ለአሮጌ ቮልስ ጋንቾ ማሰር፦ ክብደቱ፣ ሽቦውና ኢንሹራንሱ

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ኤች ሰሌዳ (ጀርመን ለታሪካዊ መኪኖች የምትሰጠው) ያለው የ1970 ቮልስ 1300 አለኝ። ባዶ ክብደቱ 820 ኪሎ፣ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት 1200 ኪሎ ነው። የካምፕ ዕቃ የምይዝባት ፍሬን የሌላት ትንሽ ተሳቢ ልጎትትበት አስቤ ያገለገለ ጋንቾ (ከመኪናው ኋላ ተሳቢ የሚያያዝበት ብረት) በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው? ኢንሹራንሱስ?

መልስ፦ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ፋርሶይግሻይኑን (የመኪናውን መመዝገቢያ ወረቀት) አውጥተው ኦ.1፣ ኦ.2 እና 13 የሚሉትን ቦታዎች ይዩ። ኦ.1 ፍሬን ላለው ተሳቢ የተፈቀደው ክብደት ነው፤ ኦ.2 ፍሬን ለሌለው፤ 13 ደግሞ የጋንቾው ኳስ (ተሳቢዋ የምትቆለፍበት ክብ ራስ) ላይ ወደ ታች ሊያርፍ የሚችለው። ቦታዎቹ ላይ ሰረዝ ብቻ ካለ፣ ጋንቾ ከመፈለግ በፊት የቲዩፍ (የጀርመን የመኪና ምርመራ ድርጅት) መሐንዲስ ማነጋገር ይቀድማል።

ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የጀርመን ሕግ ጣሪያ አስቀምጧል፦ በመኪናው ባዶ ክብደት ላይ 75 ኪሎ ተጨምሮ ግማሹ፣ ያም ሆኖ ከ750 ኪሎ ሳይበልጥ። የእርስዎ 895 ለሁለት ሲካፈል 447 ኪሎ ነው። ፋርሶይግሻይኑ ያነሰ ቁጥር ከያዘ ግን የሚሠራው ያነሰው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቁጥሩ የዕቃው ብቻ ሳይሆን የተሳቢዋም ጭምር ነው። 400 ኪሎ ተፈቅዶልዎት ተሳቢዋ ራሷ 130 ከመዘነች ለድንኳኑ፣ ለምድጃውና ለውሃው የሚቀርዎት 270 ነው።

ወደ ጋንቾው እንምጣ። አካሉ ላይ የፈቃድ ቁጥሩንና ዲ የሚባለውን የመሳብ አቅም የያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ መኖር አለባት። ዲ የሚሰላው ሁለቱን ክብደቶች በቶን አባዝቶ፣ ለድምራቸው አካፍሎ፣ በ9.81 በማባዛት ነው። 1.2 ቶን መኪናና 0.4 ቶን ተሳቢ ወደ 2.94 ኪሎኒውተን ይሰጡዎታል፤ ሰሌዳዋ ላይ ያለው ከዚህ ማነስ የለበትም። ሰሌዳዋ ዝጋ በልቷት የማትነበብ ከሆነና ሻጩም ወረቀት ከሌለው ይተዉት። በተናጠል አስመርምሮ ማስመዝገብ ይቻላል፣ ግን የምርመራው ወጪ ርካሹን ጋንቾ ውድ ያደርገዋል። ተሰንጥቆ የተበየደ ከሆነ ደግሞ በነፃም አይውሰዱት።

የቮልስ ችግር ከኋላው የሚታሰርበት ጠንካራ ነገር ጥቂት መሆኑ ነው። ሻንሲው መሃል ላይ አንድ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ወደ ኋላ ሲደርስ እንደ ሹካ ተከፍሎ ካምቢዮውን ያቅፋል። ሞተሩ ከዚያ ወዲያ ተንጠልጥሏል። የመሳብ ኃይሉ መድረስ ያለበት ወደዚህ ሹካ ነው። ፓራውልቱ የሚታሰርበት ቦታ ላሜራ ስለሆነ ጋንቾው እንዳይወዛወዝ ይደግፋል እንጂ ጭነቱን ብቻውን አይችልም። ፓራውልቱ ላይ ብቻ የሚታሰሩ ቀላል ጋንቾዎች ለብስክሌት መስቀያ ይሁኑ፤ ለተሳቢ አንመክርም።

ያ ላሜራ ደግሞ ጎማው ከፓራፋንጎው ሥር ጭቃ የሚረጭበት ስለሆነ ከውስጥ ይበሰብሳል። ከላይ ቀለሙ ሲያበራ ሊያታልልዎት ይችላል፤ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሥር ገፋ ገፋ ያድርጉት። ከተበሳ ወይም እንደ ቆርቆሮ ድምፅ ከሰጠ መጀመሪያ ላሜራው ይቀየር።

ሲያስሩ፣ ጋንቾው የሚያርፍበትን ቦታ ሁሉ ከካትራሜና ከወፍራም ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ያጽዱ፤ ስስ የዝገት መከላከያ ብቻ ይቀቡት። ካትራሜው መሃል ከቀረ ቡሎኑ ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላ ካትራሜው ተጨፍልቆ ይወጣና ቡሎኑ ይላላል። አሮጌውን ቡሎን አይመልሱ። ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬው ደረጃ) የተጻፈበት አዲስ ቡሎን፣ ወፍራም ሮንዴላና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይጠቀሙ። ከጋንቾው ጋር የመጣ መመሪያ ካለ የማጥበቂያውን ቁጥር ከእሱ ይውሰዱ፤ ከሌለ ለ8.8 ቡሎን ኤም 10 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር) ወደ 45፣ ኤም 12 ወደ 80 ኒውተን ሜትር ነው። ሁሉንም በእጅ ካስገቡ በኋላ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ ሌላውን ቀዳዳ ያጣምመዋል። የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ከጎተቱ በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ከማርሚታው ጭስ መውጫ ቱቦዎች ጋር እንዳይነካካም ይዩ፤ ሞተሩ ሲነቃነቅ ቱቦዎቹም አብረው ይነቃነቃሉ። መኪናው ተጭኖ ሲቆም የኳሱ መሃል ከመሬት ከ35 እስከ 42 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ስለ ጭነት አደራረግ አንድ ነገር። የተሳቢዋ አፍንጫ በትንሹ የክብደቷን 4 በመቶ ኳሱ ላይ ማሳረፍ አለበት፤ ለ400 ኪሎ 16 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢዋ ጅራቷን ማወዛወዝ ትጀምራለች። ቮልስ ግን ክብደቱ ቀድሞውኑ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ ከበዛበት የፊቱ ጎማ ይቀልና መሪው ይላላል። ከባዱን ዕቃ ተሳቢዋ ውስጥ ልክ ከጎማዋ በላይ፣ ሻንጣዎቹን ደግሞ ከመኪናው ፊት ኮፈን ሥር ያድርጉ። ፍጥነትዎ በአውቶባንም 80 ነው። ለተሳቢ የሚሰጠው የ100 ፈቃድ መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል) እንዲኖረው ስለሚጠይቅ ለእርስዎ አይሆንም። ዳገት ላይ ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ፋኑ በፍጥነት ካልዞረለት ይግላል፣ ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

ኤች ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ጋንቾ በዘመኑ የተለመደ ዕቃ ስለነበር በራሱ እንቅፋት አይሆንም። ለኢንሹራንሱ ግን ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። የኦልድታይመር (የአሮጌ መኪና) ውል ርካሽ የሆነው መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚነዳ፣ ጋራዥ ስለሚያድርና ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና ስላለ ነው። ውሉ ላይ ያስሞሉት የዓመት ኪሎ ሜትር የካምፑን ጉዞ ይችለው እንደሆነ ያስሉ። ጋንቾው በዋጋ ግምቱ ውስጥ እንዲገባም ይጠይቁ። ተሳቢዋ የራሷ ሰሌዳና የራሷ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል። ከ2020 ጀምሮ ግን አብረው ሲሄዱ ለደረሰ አደጋ በአመዛኙ የሚከፍለው የጎታቹ መኪና ኢንሹራንስ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። የ1964 (እ.ኤ.አ.) ቮልሴ ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። ተሳቢ ካሰርኩ ወዲህ ፍሬቻው ይፈጥናል፣ የተሳቢው መብራት ይደበዝዛል፣ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ የተሳቢው መብራት ሁሉ ይቀላቀላል።

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የተደበዘዘው የ12 ቮልት አምፖል ተገጥሞ መሆን አለበት፤ በ6 ቮልት ይቀይሩት። ፍሬቻው የፈጠነው ፍላሸሩ (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) ተጨማሪውን አምፖል ስላልቻለ ነው። በ6 ቮልት 21 ዋት አምፖል 3.5 አምፔር ይስባል፤ በአንድ ጎን ሁለቱ 7 ነበሩ፣ አሁን 10.5 ሆኑ። ለሦስት አምፖል የተሠራ የ6 ቮልት ፍላሸር ያስፈልግዎታል፣ ሽቦውም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን።

መቀላቀሉ የማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሻንሲው በኩል የሚመለስበት መስመር፣ ችግር ነው። ማሳ ያጣ መብራት መመለሻ መንገዱን በሌላው አምፖል በኩል ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው የሚንቦገቦገው። ማሳውን ለኳሱ አይተዉት፤ ኳሱ ግራሶ የተቀባ ነው። ባለ 7 እግር ሶኬት ላይ 3 ቁጥሩን በነጭ ሽቦ ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ያገናኙ። የቀሩት፦ 1 ቢጫ ግራ ፍሬቻ፣ 4 አረንጓዴ ቀኝ ፍሬቻ፣ 5 ቡናማ የቀኝ ኋላ መብራት፣ 6 ቀይ ፍሬን፣ 7 ጥቁር የግራ ኋላ መብራት። 2 ሰማያዊው የጭጋግ መብራት ስለሆነ ባዶ ይቅር።

ኳሱንም ይለኩት። ገበያ ላይ 50 ሚሊ ሜትርና የአሜሪካዎቹ 47.6 እና 50.8 ተቀላቅለው ይገኛሉ። የ50 መቀበያ በ47.6 ኳስ ላይ ቀጭ ብሎ የተቆለፈ ይመስላል፤ ጉብታ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል። ባለ 50ውም ተበልቶ 49 ከደረሰ ይጣላል።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ወገን አለኝ። ለአሮጌ መኪናና ለተሳቢ ይበቃል?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ መኪናዎ በሌላው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ የራስዎን ቮልስ አያሠራም። ሙሉ ዋስትና ሲገቡ ዓረቦን ለመቀነስ ዋጋውን ዝቅ አድርገው አያስሞሉ። የ600 ሺህ ብር መኪና በ300 ሺህ ቢያስገቡና 100 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ፣ የሚከፈልዎት በግማሹ ተሰልቶ 50 ሺህ ነው፤ ከዚያም ላይ የራስዎ ድርሻ ይቀነሳል። ተሳቢው በሻንሲ ቁጥሩ ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ጋንቾው መጨመሩንም በደብዳቤ አሳውቀው ኮፒው ላይ ማኅተም ያስመቱ። ለቦሎ ምርመራ ከመቅረብዎ በፊትም ተጨማሪው ዕቃ ሊብሬው ላይ መስፈር እንዳለበት መርማሪዎቹን ይጠይቁ፤ ብየዳው ካለቀ በኋላ መጠየቅ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።