የገጠር አጥቢያን ታሪክ ከየት መጀመር ይገባል?

ወንድማችን በገጠር የምትገኝ የአንዲት ትንሽ የመሠረተ ክርስቶስ (የወንጌል አማኞች) ቤተ ክርስቲያን አጥቢያን ታሪክ እንዲጽፉ ተመድበው፣ ከደርግ ዘመን በፊት የነበረ አንድም ቃለ ጉባኤ ስላላገኙ ከየት እንደሚጀምሩ ጠይቀዋል። እኔም በቀድሞው ሐረርጌ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ የአንዲት አጥቢያን ታሪክ ሳሰባስብ ይኸው ችግር ገጥሞኝ ስለነበር፣ ይጠቅማል ያልሁትን እጽፋለሁ።

ከቤቶቹ ይጀምሩ። በጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ ምእመናኑ አምስትም ሰባትም እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ያን ጊዜ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው የተገኙትም በእነዚያ ቤቶች አድገው ነው። አረጋውያኑን «ማን ይሰብክ ነበር?» ብለን ስንጠይቅ የሁለት ወንዶች ስም ብቻ ይደጋገም ነበር። «ማን ቤት ትሰበሰቡ ነበር? ቡናውን ማን ያፈላ ነበር? ደጅ ላይ ማን ይቀመጥ ነበር?» ማለት ስንጀምር ግን በየትኛውም ሪፖርት ያልተጠቀሱ እናቶች ስም ይወጣ ጀመር። አንዲት እናት ከማሽላ ጎተራቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጡልን፤ ጠርዙን አይጥ በልቶታል፣ የተጠማቂዎቹም ስም ደብተሩ ቢያዝ ማንም እንዳይታወቅ በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ተጽፏል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ከሰው ጋር ያገናኙልን እኚሁ እናት ናቸው። እንዲህ ያለው ምስክር በሕይወት ሳለ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚያ በፊት ላለው ዘመን የክሊኒኩንና የትምህርት ቤቱን ፈለግ ይከተሉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ የመጡት አሜሪካውያን ሜኖናውያን፣ ቤተ ክርስቲያናችን የተገኘችበት የፕሮቴስታንት ወገን ሚሲዮናውያን፣ በናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው፣ ቆይተውም ወደ ደደርና ወደ በደኖ ዘልቀው ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ አገሩን ለሚሲዮን ክፍት በሆነና ዝግ በሆነ ክልል ስለከፈለው፣ የት መስበክ እንደሚቻል የሚወሰነው በዚያ ነበር። በናዝሬት የሠለጠኑ ድሬሰሮች (የሕክምና ረዳቶች) ግን ለሥራ በሄዱበት ሁሉ እምነታቸውን ይዘው ሄዱ፤ ስለሆነም በአካባቢዎ ቀድሞ መርፌ ይወጋ የነበረው ሰው ማን እንደነበር መጠየቅ አይርሱ።

በዘመን አቆጣጠር በኩል ይጠንቀቁ። የሚሲዮናውያን ደብዳቤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ ግንቦት 1960 ያለው በእኛ 1952፣ ጥቅምት 1960 ያለው ደግሞ 1953 ዓ.ም. ነው፤ ወሩን ሳያዩ ስምንት መቀነስ የአንድ ዓመት ስሕተት ያመጣል። በምሥረታው ቀን ላይ ክርክር ከተነሣም የመጀመሪያው ጸሎት የተደረገበትን፣ አጥቢያው ዕውቅና ያገኘበትንና ሕንፃው የቆመበትን ዓመት ሦስቱንም ይጻፉ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የጀማሪዎቹን ድካም መሰረዝ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በተዘጋችበት በስደቱ ጊዜ ምእመናንን ለመንግሥት የጠቆሙ ሰዎችን በተመለከተ እኛ ድርጊቱን ጽፈን ስማቸውን ተውን፤ ልጆቻቸው ዛሬ በዚያው መንደር ይኖራሉ፣ ከፊሎቹም የአጥቢያው አባላት ናቸው። መጽሐፍ ቅዱሳችንን የሸሸጉልንን ሙስሊምና ኦርቶዶክስ ጎረቤቶች ግን እያስፈቀድን በስማቸው አመሰገንን። ረቂቁ ሲያልቅ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ለጉባኤው፣ ሰዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ጭምር ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ እኛ ብዙውን እርማት ያገኘነው በአፋን ኦሮሞ ከተነበበ በኋላ ነበር።