ጠጠሩ መቼ ይነሳል? የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ የቦይ ወለል ላይ ጠጠር ላነጥፍ ነው። የውሃው ጥልቀት 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ በ1000 ሜትር 1 ሜትር ነው። ውሃው የትኛውን መጠን ጠጠር ይዞ ይሄዳል? ፍጥነቱን ለክቼ ብቻ ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ፍጥነቱ ብቻውን አያደርስዎትም። ላይ ላዩን የሚሮጠው ውሃ ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ዝግ ይላል፤ ጠጠሩን የሚጎትተው ግን ያ የታችኛው ውሃ ነው። ሁለት ቦዮች አማካይ ፍጥነታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ጥልቀቱ ያነሰው ወለሉን ይበልጥ ይጎትታል። ስለዚህ ከጉተታው ይነሱ፦ የውሃውን እፍግታ (በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ግራም እንደሆነ)፣ 9.81ን (የመሬት ስበትን ፍጥንጥነት)፣ ጥልቀቱንና ተዳፋቱን ያባዙ። በእርስዎ ቦይ 1000 × 9.81 × 1 × 0.001፣ ማለትም 9.8 ፓስካል (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) ገደማ ይመጣል። ቦዩ ጠባብ ከሆነ በጥልቀቱ ፈንታ የውሃውን የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት (በካሬ ሜትር) ውሃ ለሚነካው የቦዩ ዙሪያ (በሜትር) አካፍለው ያስገቡ።

ጠጠሩ የሚመክተው በክብደቱ ነው፤ ያውም ውሃ ውስጥ በሚቀርለት ክብደት። እፍግታው 2650 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ የሆነ ድንጋይ ሲጠልቅ ከክብደቱ 38 በመቶ ያህሉን ያጣል። መሐንዲሱ አልበርት ሺልድስ በ1936 እ.ኤ.አ. ጉተታውን ከዚህ ቀሪ ክብደት ጋር አነጻጽሮ መነሻውን በአንድ ንጽጽር ቁጥር አስቀመጠ። ለጠጠር ብዙ ጊዜ 0.045 ይወሰዳል፤ ይህም ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ዲያሜትር 0.73 ፓስካል ማለት ነው። 9.8ን ለ0.73 ሲያካፍሉ 13 ሚሊሜትር ያገኛሉ።

ይህን ቁጥር ግን እንደ አጥር አይዩት። 9.8 አማካይ ነው፤ ውሃው በነውጥ ስለሚሄድ ጉተታው በቅጽበት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ጠጠሩን ጠጋ ብለው ቢያዩት መጀመሪያ እዚያው እንዳለ ይንቀጠቀጣል፣ ጋብ ይላል፣ እንደገና ይነቀነቃል፣ ከዚያ አንዱ ጠንካራ ግፊት ሲደርስ ፊት ለፊቱ ባለው ድንጋይ ላይ ተንከባሎ ይወጣል። ከኋላው የሚገፋው ውሃና ከላዩ ፈጥኖ ሲያልፍ ሽቅብ የሚያነሳው ኃይል ተባብረው ነው ይህን የሚያደርጉት። ስለዚህ የተቀመጠበት ጎድጓዳ ወሳኝ ነው። ትልቁ ድንጋይ ጎልቶ ስለሚታይ ለውሃው ይጋለጣል፤ ትንሹ ደግሞ ከትልልቆቹ ጀርባ ይሸሸጋል። በተቀላቀለ ወለል ላይ እያንዳንዱን መጠን ለብቻው ማስላት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ግማሹ የሚበልጠውን፣ ግማሹ የሚያንሰውን መካከለኛ መጠን ይጠቀሙ።

ለማንጠፍ ከሆነ 0.045ን ትተው 0.03ን ይያዙ። ያኔ ለአንድ ሚሊሜትር 0.49 ፓስካል ብቻ ይበቃል፤ መካከለኛው መጠን 20 ሚሊሜትር ይሁን። ለዳርቻው ተዳፋት ከዚህም ከፍ ያድርጉት፣ ስበቱ ራሱ ድንጋዩን ወደ ታች ይስበዋልና። መታጠፊያ ላይና ከመዝጊያ በር በታች ግን ነውጡ ስለሚበረታ ይህ ሒሳብ አይሠራም። ከሥር ያለው አፈር ደቃቅ ከሆነ ደግሞ መጠኑ በአፈሩና በጠጠሩ መካከል የሆነ ማጣሪያ ንጣፍ ያስገቡ፤ አለዚያ ጠጠሩ ሳይነቃነቅ አፈሩ በክፍተቱ እየሾለከ ወለሉ ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ ደቃቁ የሸክላ አፈር ከአሸዋ ይቀላል፤ ታዲያ ለምን አሸዋው ቀድሞ ይሄዳል?

መልስ፦ የሸክላ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ውሃው የሚታገለው ክብደታቸውን ሳይሆን ይህን ትስስር ነው። በቀላሉ የሚነሳው ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው አሸዋ ነው። የጠነከረ ሸክላ ሲሸነፍ ደግሞ በጓል በጓል ይገነጠላል። አንዴ ከተነሳና ከተበተነ ግን በጣም ዝግ ባለ ውሃም ሳይሰፍር ይጓዛል። የላይኛውን ቀመር ለሸክላ አይጠቀሙበት፤ የዚያኑ ቦታ አፈር በወራጅ ውሃ መፈተን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውሃው 64 እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ ይገፋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በግምት አዎ። ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ የሚነሳው ዲያሜትር 4 እጥፍ ይሆናል፤ ክብደት በዲያሜትር ኩብ ስለሚሄድ 4 × 4 × 4 = 64። ይህ ግን የሚመለከተው ቅርጹና እፍግታው ተመሳሳይ የሆነ አንድ ድንጋይን ነው፤ ወንዙ በጠቅላላው የሚሸከመውን የደለል መጠን አይነግርዎትም።