የአባትሽን ኮምፒውተር ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትሽ ቤት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ስታርት ውስጥ ያለውን «ሄልፕ ኤንድ ሰፖርት»፣ የዊንዶውስን የእርዳታ ገጽ፣ ሲጫኑት የአሸዋ ሰዓቷ ብቅ ትልና ትጠፋለች። ኤፍ 1ን ቢነኩም ያው ነው። የሰፈራችሁ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን አለ፤ አንቺ ደግሞ ሌላ መንገድ የለም ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አለ። እባክሽ ፎርማቱን አቆዪው።

እኔም ይሄው ገጥሞኛል። ባህር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ሳለሁ የኮምፒውተር ላባችን ሙሉ ኤክስፒ ነበር። ኢንተርኔት የሚባል ነገር የለም። ጡረታ ለመውጣት ትንሽ የቀራቸው አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ፋይል ማስቀመጥ፣ ፎልደር መክፈት፣ ፕሪንተር ማገናኘት የተማሩት ከእኛ አይደለም፤ ከዚያ ሰማያዊ የሄልፕ የጥያቄ ምልክት ነው። እንግሊዝኛውን ቀስ ብለው ያነባሉ፣ በደብተራቸው አንድ ሁለት ብለው ይገለብጡታል፣ ከዚያ ይሞክሩታል። አንድ ቀን ላቡ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ያ የጥያቄ ምልክት ዝም አለኝ» አሉኝ። ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ «ሄልፕን ማን ይከፍተዋል?» ለሚልሽ ሰው ጆሮ አትስጪው። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት፣ ልጁን ደጋግሞ መጠየቅ ለሚከብደው አባት፣ ያቺ ገጽ ትልቅ ነገር ናት።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አድርጊ። ሄልፑን ስትከፍቺ ጆሮሽን ወደ ሳጥኑ ጠጋ አድርጊና አዳምጪ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል እኩል እኩል ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ማሽኑ በሌላ ሥራም ድርቅ የሚል ከሆነ፣ ችግሩ ሄልፑ ላይሆን ይችላል። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ምንም ሳትነካኪ የአባትሽን ፎቶና ጽሑፍ በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል ዲስክ ገልብጪ። ድምፅ ባይኖርም ገልብጪ። በአንድ ቀን ፎርማት የስንት ዓመት ፎቶ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ ያንን የሚመልስ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሄልፑ። ይሄ ነገር ራሱን የቻለ አንድ ፋይል አይደለም። ከበስተጀርባ የሚሠራ ሰርቪስ አለው። ገጾቹ እንደ ድረ ገጽ የተጻፉ ናቸው፣ የሚታዩትም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጉልበት ነው። የራሱ ፋይሎች ደግሞ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ፒሲ ሄልዝ» በሚባል ቤት ተቀምጠዋል። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ደህና ቢሆኑም አይከፈትም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሰርቪሱ ላይ ነው። በአድሚን አካውንት ግቢ። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ማኔጅ» በይ። በግራ በኩል ታች «ሰርቪስስ ኤንድ አፕሊኬሽንስ» የሚል አለ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «ሰርቪስስ»፤ ስትከፍቺው ረጅም ዝርዝር ይመጣል። «ሄልፕ ኤንድ ሰፖርት» የሚለውን ፈልጊና ሁለቴ ክሊክ አድርጊው። «ስታርትአፕ ታይፕ» የሚለው ላይ «ዲሴብልድ» ካየሽ እሱ ነው ጥፋቱ። «ኦቶማቲክ» አድርጊው፣ «አፕላይ» በይ፣ ከዚያ «ስታርት»ን ተጫኚ።

የጋሼ ማሽን ላይ ያገኘሁት ይሄንኑ ነበር። 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ስለነበረው አንድ ሰው ለማፍጠን ብሎ «የማያስፈልጉ» ሰርቪሶችን በሙሉ ዘግቶታል። ሰርቪስ መዝጋት ኮምፒውተር ያፈጥናል የሚለው ምክር ያኔ በየቦታው ይነገር ነበር። እኔ በበኩሌ አልወደውም፤ የሚዘጋው ሰው ለማን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ሠርቶ ለመጨረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገጹ ሲከፈት ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ወንበሩን ስበው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሰርቪሱ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለስ? ይሄ ከቫይረስ በኋላ ይመጣል። ያኔ መልሰሽ ትጭኚዋለሽ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «አይ ኤን ኤፍ» የሚል ፎልደር አለ፤ የተደበቀ ስለሆነ በፎልደር ኦፕሽንስ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ። የፍላሽ ቫይረስ ፋይልሽን ደብቆብሽ የሚያውቅ ከሆነ ቦታውን ታውቂዋለሽ። እዚያ ውስጥ «ፒሲሄልዝ» የሚል ስም ያለው ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ «ኢንስቶል» በይ። የኤክስፒ ሲዲ ሊጠይቅሽ ይችላል። ሲዲ ከሌለ አትደንግጪ። ማሽኑ ላይ ሰርቪስ ፓክ (የዊንዶውስ የማሻሻያ ጥቅል) ተጭኖ ከነበረ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ሰርቪስ ፓክ ፋይልስ»፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «አይ 386» የሚል ፎልደር ይኖራል። ፋይሉን ከዚያ አምጣ በይው። እንዲያውም ሲዲው አሮጌ፣ ማሽኑ ግን ሰርቪስ ፓክ 3 ከሆነ ከሲዲው ይልቅ ይሄኛው ይሻላል።

ሌላው ዓይነት ደግሞ መስኮቱ ይከፈታል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ወይም የፍለጋ ሳጥኑ አይሠራም። እዚህ ላይ ገጾቹን የሚያንቀሳቅሱትን የስክሪፕት ፋይሎች ዊንዶውስ ዘንድ መልሶ ማስመዝገብ ይረዳል። ስታርት፣ ከዚያ «ራን» ትያለሽ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሬግ ኤስ ቪ አር 32» (regsvr32) ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ፣ «ጄስክሪፕት ዶት ዲኤልኤል» (jscript.dll) ጻፊ። ተሳካ የሚል ትንሽ መስኮት ይመጣል። ቀጥለሽ «ቪቢስክሪፕት ዶት ዲኤልኤል»ን (vbscript.dll) በዚያው መንገድ። ሪስታርት አድርገሽ ሞክሪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። የዊንዶውሱ ሄልፕ ደህና ሆኖ የአንድ ፕሮግራም ሄልፕ ብቻ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። በግራ በኩል ርዕሶቹ ይታያሉ፣ በቀኝ በኩል ግን ገጹ ሊታይ አልቻለም ይላል። ፋይሉ ከኢንተርኔት ወይም በኢሜይል የመጣ ከሆነ ዊንዶውስ ዘግቶት ነው። ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከታች «አንብሎክ»። በኔትወርክ ከሌላ ማሽን የምትከፍቺው ከሆነ ደግሞ ወደ ራስሽ ዲስክ ገልብጪው። የፎልደሩ ስም ውስጥ የሀሽ ምልክት (#) ካለም እንቢ ይላል። አንድ ተማሪዬ የፕሮግራሚንግ መጽሐፎቹን «ሲ ሻርፕ» በሚል ፎልደር፣ በዚያችው ምልክት ጽፎ አስቀምጦ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቸግሯል። የፎልደሩን ስም ስንቀይረው ሁሉም ተከፈተ።

ኤክስፒውን ኢንተርኔት ላይ አታገናኙት። ማይክሮሶፍት የሚሰጠው ድጋፍ በፈረንጆች ኤፕሪል 2014 ላይ አብቅቷል። ይሄ ሄልፕ ራሱ በ2010 ክፍተት ተገኝቶበት፣ በተንኮለኛ ሊንክ ማሽን ውስጥ መግቢያ ሆኖ ነበር፤ ማስተካከያውም በዚያው ዓመት ጁላይ ወጣ። አባትሽ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩበት ከሆነ ግን ሄልፑ ደህና ያገለግላቸዋል።

ሰርቪሱን ከነካሽ በኋላ ካልተከፈተ የሚያወጣውን መልእክት በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። መልእክት ካላወጣም ሰርቪሱ ያለበትን መስኮት አንሺው። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አየዋለሁ።